ከውስጥ የሚነሣ ሙቀት
(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ አንድ ክርክር ነው። ክርክሩ በሳይንስ መጽሔቶች ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በእኛም ላቦራቶሪ በር ላይ ከተጀመረ ሰንብቷል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሴራሚክን በተለመደው እቶን ፈንታ በማይክሮዌቭ ብናሞቀው ባጭር ጊዜና ዝቅ ባለ ሙቀት ይጠነክራል የሚባለው እውነት ነውን? ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ «እውነት ነው፤ እንዲያውም ከገበያ አንድ የወጥ ቤት ማይክሮዌቭ ገዝተን እንጀምር» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ወሬ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። እኔ በበኩሌ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። የነገሩ ግማሽ የተረጋገጠ፥ ግማሹ ግን ገና የሚያከራክር ስለ ሆነ፥ የቱ የቱ እንደ ሆነ ለይተን ሳናውቅ ገንዘብ ማውጣት አይገባንም ለማለት ነው የተነሣሁት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ሲንተሪንግ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንነጋገር። የሕግና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ካላችሁ አትሽሹ፤ ነገሩ ከቤታችሁ ያለ ነው። ጀበና የምትሠራ ሴት ጭቃውን ቅርጽ ታስይዝና አድርቃ በእሳት ታቃጥለዋለች። ከእሳቱ በፊት ጀበናው ውኃ ውስጥ ቢነከር ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ ከእሳቱ በኋላ ግን ቡና ይፈላበታል። በመካከሉ ምን ሆነ? ጭቃው አልቀለጠም፤ ቀልጦ ቢሆን ኖሮ አንገቱም ጡቱም በጠፋ ነበር። በጭቃው ማዕድን ውስጥ ታስሮ የነበረው ውኃ ወጥቶ ሄደ፤ ቅንጣቶቹም በተነካኩበት ቦታ ላይ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። ሲንተሪንግ ማለት እንግዲህ ዱቄት ሳይቀልጥ በሙቀት ብቻ ተጋጥሞ አንድ ጠንካራ አካል ሲሆን ነው።

የኢንጂነሮች ሴራሚክ፥ ለምሳሌ አሉሚና፥ ከጀበናው የሚለየው በንጽሕናውና በሚፈልገው የሙቀት ብዛት ነው። አሉሚና የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ዱቄቱ የሚጋጠመው ግን በ1,500 እና በ1,600 ዲግሪ መካከል ነው። ሁለት የውኃ ጠብታዎች ሲነካኩ አንድ የሚሆኑት የገጻቸው ስፋት እንዲቀንስ ነው። ደቃቅ ዱቄትም እንዲሁ ስፋቱን ለመቀነስ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ጠጣር ስለ ሆነ አቶሞቹ አንድ በአንድ እየፈለሱ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን አንገት ማወፈር አለባቸው። ለዚህ ነው ሙቀቱ የሚያስፈልገው። ተጨምቆ የተሠራ የአሉሚና ዱቄት ከይዘቱ 55 በመቶ ያህሉ ቁስ፥ የቀረው አየር ነው እንበል። ሲንተሪንጉ ተሳክቶ ቁሱ 99 በመቶ ቢደርስ፥ አሥር ሴንቲ ሜትር የነበረው ዘንግ ስምንት ከሁለት አሥረኛ ገደማ ይሆናል። ከርዝመቱ 18 በመቶ ያህል ጠፋ ማለት ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጀበናውን ከምትፈልገው በመጠኑ አተልቃ የምትጀምረው ለምን እንደ ሆነ አሁን ይገባችኋል፤ ምንም እንኳ የእርሷ ጀበና አብዛኛውን የሚያጥረው በእሳት ሳይሆን ሲደርቅ ቢሆንም።

ቀዳዳው ፈጽሞ ሲጠፋ ምን እንደሚገኝ የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሮበርት ኮብል አሳይቷል። ወደ አሉሚናው ጥቂት ማግኒዝያ ጨምሮ የቅንጣቶቹን ዕድገት በመግታቱ፥ ብርሃን የሚያሳልፍ ሴራሚክ አገኘ፤ የፈጠራ መብቱም በ1962 ተሰጠ። በብዙ ከተሞች መንገድ ላይ ቢጫ ብርሃን ሲሰጡ የኖሩት ከፍተኛ ግፊት ያላቸው የሶዲየም መብራቶች በውስጣቸው የያዙት ቱቦ ከዚሁ ቁስ የተሠራ ነው። ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። የሲንተሪንግ ጣጣው ሁሉ ይኸው ስለ ሆነ ነው፦ ቀዳዳው እስኪዘጋ በሙቀት ማቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ከቆየ ደግሞ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው እየተዋዋጡ ይተልቃሉ፥ ቀዳዳውን ውስጣቸው ይዘው ይቀራሉ፥ ዕቃውም ይሰበራል።

አሁን ወደ እቶኑ እንምጣ። በተለመደው የኤሌክትሪክ እቶን ሙቀቱ የሚመጣው ከውጭ ነው። መጀመሪያ ግድግዳው፥ ቀጥሎ የዕቃው ገጽ፥ በመጨረሻም ውስጡ ይሞቃል። ድፎ ዳቦ የደፋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እሳቱ ከበዛ ቅርፊቱ አርሮ መሐሉ ሊጥ ይሆናል። ሴራሚክ ደግሞ ከዳቦ የከፋ ነው፥ ገጹና መሐሉ በሙቀት በጣም ሲለያዩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እቶኑን ቀስ አድርጎ ማሞቅ ግድ ነው። በደቂቃ አምስት ዲግሪ ብንጨምር 1,500 ለመድረስ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማቆያውንና ማቀዝቀዣውን ስንደምርበት ቀኑ አለቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚሞቀው ከዕቃው ይልቅ የእቶኑ ጡብ ነው።

ማይክሮዌቭ ከጦርነት ዘመን የወጣ መሣሪያ ነው። በ1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ራንዳልና ቡት የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት ለራዳር የሚያገለግል ኃይለኛ ማግኔትሮን ሠሩ። በ1945 ደግሞ በአሜሪካው የሬይቲዮን ኩባንያ ፐርሲ ስፔንሰር ከሚሠራ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ መቅለጡን አስተዋለ ይባላል። በ1947 ኩባንያው ያወጣው የመጀመሪያው ምድጃ ቁመቱ የሰው ያህል፥ ክብደቱም ከ300 ኪሎ በላይ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የምናየው በ2,450 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ መስኩ በሴኮንድ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። የሞገዱ ርዝመት 12.2 ሴንቲ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው ይህ ቁጥር የተመረጠው የውኃ ሞለኪውል በተፈጥሮው በዚያ ልክ ስለሚርገበገብ ነው ይላል። አይደለም። ውኃ በተራ የክፍል ሙቀት ከሁሉ በበለጠ ኃይል የሚመጠው በ20,000 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። 2,450 ለኢንዱስትሪ፥ ለሳይንስና ለሕክምና ሥራ የተፈቀደ መስመር ነው፤ ደግሞም ሞገዱ በገጹ ላይ ተመጥጦ ከመቅረት ይልቅ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ ነገር ሁሉ ውኃ አለበት ማለት አይደለም። በሴራሚክ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ ያዘሉ አቶሞችና የክሪስታሉ ጉድለቶች መስኩን ለመከተል ሲታገሉ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚወለደው ሙቀት በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በምልልሱ ብዛት፥ በመስኩ ጥንካሬ (ያውም በራሱ ተባዝቶ)፥ እንዲሁም በቁሱ የመምጠጥ ጠባይ። የነገሩ ቁልፍ ይህ ሦስተኛው ነው። እቶን ለሁሉ እኩል ነው፤ ማይክሮዌቭ ግን እያንዳንዱን ቁስ እንደ ጠባዩ ያሞቀዋል።

ሻይ በማይክሮዌቭ ያሞቀ ሰው ሻዩ ሲፈላ ሲኒው ያን ያህል አለመሞቁን አይቷል። ሲኒው ራሱ ሴራሚክ ነው! ንጹሕ አሉሚናም በክፍል ሙቀት ሞገዱን እንደ መስኮት ያሳልፈዋል እንጂ አይመጠውም። ታዲያ ሞገዱ የማይነካውን ነገር እንዴት አድርገን 1,500 ዲግሪ እናደርሰዋለን? መልሱ ከሰል ከማያያዝ ጋር ይመሳሰላል። ከሰል በክብሪት አይያያዝም፤ በመጀመሪያ ጭራሮ ይነድለታል። በማይክሮዌቭም ውስጥ እንደ ጭራሮ የሚያገለግለው ሲሊከን ካርባይድ ነው። ይህ ቁስ ከቀዝቃዛው ጀምሮ ሞገዱን በደንብ ስለሚመጥ፥ በዕቃው ዙሪያ ሲደረደር ፈጥኖ ይግልና ዕቃውን ያሞቀዋል። ዚርኮኒያ ለምሳሌ ወደ 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጥና ሞገዱን ራሱ መምጠጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ጭራሮ አያስፈልገውም። በ1992 በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሰዎች የሲሊከን ካርባይድ ዘንጎችን በዚርኮኒያው ዙሪያ እንደ አጥር አቁመው በተራው 2,450 ሜጋኸርዝ ሥራውን ፈጽመዋል።

ነገር ግን ይኸው በጎ ጠባይ አደጋም አለው። ቁሱ በሞቀ ቁጥር የሚመጠው ኃይል ይበዛል፤ በበለጠ ሲመጥ የበለጠ ይሞቃል። አንድ ቦታ ከጎረቤቱ በጥቂት ዲግሪ ከቀደመ ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ፥ ዕቃው በአንድ በኩል ቀልጦ በሌላው በኩል ጥሬ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ደግሞም ሙቀቱ ከውስጥ ስለሚነሣና በዙሪያው ያለው አየር ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ገጹ ሙቀቱን ያጣል፤ መሐሉ ከገጹ ይልቅ ይግላል። የድፎው ነገር ተገለበጠ ማለት ነው፥ መሐሉ አርሮ ቅርፊቱ ሊጥ! ስለዚህ ዕቃውን በአሉሚና ጭረት በተሠራ መከላከያ መጠቅለል የግድ ነው። ሞገዱ መከላከያውን አልፎ ይገባል፥ ሙቀቱ ግን አይወጣም።

ይህን «መሐሉ ከገጹ ይግላል» ያልሁትን አደራ ያዙልኝ፤ ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የኦክ ሪጆቹ ጃኒና ኪምሪ አሉሚናን ከፍ ባለ ምልልስ፥ በ28,000 ሜጋኸርዝ አሞቁ። ለዚህ የተጠቀሙበት ጋይሮትሮን የሚባል መሣሪያ ነው፤ የፀሐይን ዓይነት ኃይል በምድር ለማግኘት ለሚደረገው የፊውዥን ምርምር የተዘጋጀ ነበር። የዚያ ሞገድ ርዝመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በሳጥኑ ውስጥ በትክክል ይዳረሳል። ያወጡት ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ። አቶሞቹ ለመፍለስ መሻገር ያለባቸው የኃይል ደፍ በተለመደው እቶን 575 ኪሎጁል በሞል ሲሆን በማይክሮዌቭ 160 ብቻ ሆኖ አገኙት። ይህ እንዳለ ከተወሰደ ሞገዱ ከማሞቅ ያለፈ ሌላ ሥራ ይሠራል፥ አቶሞቹንም በራሱ ይገፋቸዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር «የማይክሮዌቭ ውጤት» የሚል ስም ወጥቶለት፥ ደጋፊና ተቃዋሚ አፈራ።

ተቃዋሚዎቹ ሁለት ነገር ያነሣሉ። የመጀመሪያውን ማንኛችሁም በወረቀት ላይ ልታሰሉት ትችላላችሁ። የ2,450 ሜጋኸርዝ አንድ ፎቶን የሚይዘው ኃይል ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት መቶ ሺህኛ ያህል ነው። በ1,500 ዲግሪ አቶሞቹ በሙቀቱ ብቻ የሚነቃነቁበት ኃይል ግን 0.15 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። አሥራ አምስት ሺህ እጥፍ ይበልጣል! ፎቶኑ አንድ አቶም ከቦታው ይነቅላል ማለት በበሬዎች ትግል መካከል ዝንብ ገብታ አንዱን ጣለችው እንደ ማለት ነው። ደጋፊዎቹ ለዚህ መልስ አላቸው። በ1994 የኒዥኒ ኖቭጎሮድ ሊቃውንት ሪባኮቭና ሴሜኖቭ መስኩ በአንድ ፎቶን ሳይሆን በጠቅላላው፥ ጉድለቶቹን ወደ ገጽና ወደ ቅንጣቶች ድንበር ሊነዳቸው እንደሚችል በሒሳብ አሳይተዋል። እንግዲህ ክርክሩ በፎቶን ስሌት ብቻ አልተዘጋም።

ሁለተኛው ግን ይበልጥ ከባድ ነው፤ በእኔ አስተያየት ስለ ማይክሮዌቭ ከተጻፈው ብዙውን የሚያናጋው ይኸው ነው። ሙቀቱን በምን ለካችሁት? የሚል ነው። ቴርሞካፕል የብረት ሽቦ ስለ ሆነ በማይክሮዌቭ ውስጥ እንደ አንቴና ይሆናል፥ መስኩን ያዛባል፥ ብልጭታም ይፈጥራል። ፓይሮሜትር ከሩቅ ሆኖ የሚያነበው የገጹን ብርሃን ብቻ ነው። መሐሉ ከገጹ እንደሚግል ቅድም ተናግረናል። ፓይሮሜትሩ 1,200 ሲል መሐሉ 1,350 ከሆነ፥ «በ1,200 ዲግሪ ጠነከረ» ብለን የምንጽፈው በ1,350 የሆነውን ነው። የጠነከረው ሳይሆን የተሳሳተው መለኪያው ሆነ። የኃይሉ ደፍ ዝቅ ብሎ መታየቱም ቢያንስ በከፊል ከዚሁ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ ችግር የሚያወጣ ፈተና ግን አለ፤ በጣምም ደስ የሚል ነው። በ1996 በእንግሊዝ አገር ሮውና ሮውሊ ዚርኮኒያን በአንድ እቶን ውስጥ በተራ ሙቀትና በማይክሮዌቭ በአንድነት አሞቁ። እቶኑም መለኪያውም የሙቀቱም አካሄድ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማይክሮዌቩ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ነው። ከውጭም ከውስጥም ስለሚሞቅ የመሐሉና የገጹ ልዩነት ይቀንሳል። እነርሱ ማይክሮዌቩ ሲኖር መጋጠሙ ዝቅ ባለ ሙቀት እንደ ተፈጸመ ዘግበዋል። ስለዚህ «ሁሉም የመለኪያ ስሕተት ነው» ብሎ መደምደምም አይቻልም።

በኋላ የመጣው ነገር ደግሞ ጉዳዩን በሌላ በኩል አዞረው። በ2020 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴራሚክን በሁለት የጋለ ካርቦን መካከል አድርገው በአሥር ሴኮንድ ያህል ሲያጋጥሙት ማይክሮዌቭ የሚባል ነገር በአጠገቡ አልነበረም። ለካ ፍጥነቱ ራሱ ብዙ ይሠራል! ቀስ ብሎ ሲሞቅ አቶሞቹ ዝቅ ባለው ሙቀት በገጽ ላይ እየተንሸራተቱ ቅንጣቶቹን ያድበለብሏቸዋል፥ ቀዳዳውን ግን አይዘጉም፤ የመጋጠሙ ጉልበት እንዲያው ይባክናል። በፍጥነት ሲሞቅ ይህ የብክነት ክልል በአንድ ጊዜ ይታለፋል። እኔ ለማይክሮዌቭ ከተሰጠው ምስጋና ብዙው ለፍጥነቱ ይገባ ነበር ከሚሉት ጋር ነኝ። ሞገዱ ከዚያ በተረፈ የራሱ ድርሻ የለውም ለማለት ግን አልደፍርም።

የማይከራከሩበት ነገርም አለ። ጊዜው ያጥራል። የጥርስ ቴክኒሻኖች የሚሠሩበትን ዚርኮኒያ በማይክሮዌቭ የሚያበስሉ እቶኖች ተሠርተዋል። በ1999 በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ረስተም ሮይና ጓደኞቹ ማይክሮዌቭ የሚመለሰው ከወፍራም ብረት እንጂ ከብረት ዱቄት አለመሆኑን በማሳየት፥ የብረት ዱቄት ዕቃዎችን እስከ መጨረሻው አጋጠሙ። ከዚያ በፊት «ብረት ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም» የሚለውን ሁሉም ይደግመው ነበር። በጃፓንም ቶኪ በምትባል፥ በሸክላ ሥራ ስሟ በታወቀ ከተማ ያለው የፊውዥን ምርምር ተቋም ይህን ዘዴ ለባህላዊው የሸክላ ዕቃ ሞክሮታል። የፀሐይን ኃይል የሚፈልጉ ሊቃውንትና ሳሕን የሚሠሩ ሰዎች በአንድ እቶን መገናኘታቸው ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ የበለጠ የሚያስደስት ነገር ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልመለስ። የወጥ ቤቱን ማይክሮዌቭ እንግዛ የምትሉ ጓደኞቼ፥ በብዙ አገር ላቦራቶሪዎች ተደርጓል፤ አልቃወምም። ነገር ግን ሦስት ነገር እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። አንደኛ፥ የምድጃውን ቆርቆሮ ማንም ብቻውን እንዳይከፍት። በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሁለት ሺህ ቮልት ገደማ ያወጣል፤ ካፓሲተሩም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ኃይሉን ይዞ ሊቆይና ሰው ሊገድል ይችላል። ለፓይሮሜትር ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ቀዳዳ የምትበሱ ከሆነ ቀዳዳው ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ያነሰ መሆን አለበት፥ የሚያፈስ መሆን አለመሆኑም በመሣሪያ ይፈተሽ። በሩ ሲከፈት ኃይሉን የሚያቋርጠውን ማብሪያ ደግሞ አልፎ ማገናኘት ፈጽሞ አይደረግ።

ሁለተኛ፥ ሞገዱ በሳጥኑ ውስጥ እኩል አይዳረስም። ጠረጴዛ ማዞሪያውን አውጥታችሁ ሰፊ ሳሕን ላይ ቅቤ ቀብታችሁ ለጥቂት ሴኮንድ ብታሞቁት በስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት እየቀለጠ ነጠብጣብ ያሳያችኋል። የአሉሚናችሁ ክኒን ከሁለቱ ነጠብጣቦች መካከል ቢወድቅ ጥፋቱ የማይክሮዌቩ አይደለም። ይህን ሙከራ ከማንኛውም ነገር በፊት አድርጉት፤ ወጪው አንድ ማንኪያ ቅቤ ነው።

ሦስተኛው የመለኪያው ነገር ነው። ፓይሮሜትር ለመግዛት ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ግን የምንታለልበትን መንገድ የሚያጠብ ዘዴ በእጃችን አለ። ከአንድ ዱቄት፥ በአንድ ጭምቅ፥ በአንድ ቀን የተሠሩ ስድስት ክኒኖች ይዘጋጁ። ሦስቱ በአሮጌው እቶን፥ ሦስቱ በማይክሮዌቭ ይሂዱ። ከዚያ በአርኪሜዲስ መንገድ በአየርና በውኃ ውስጥ መዝነን እፍጋታቸውን እናውቃለን። አንዱን ክኒን መሐል ለመሐል ቆርጠን ገጹንና ውስጡን በማይክሮስኮፕ እንይ። መሐል ያሉት ቅንጣቶች ከዳር ካሉት ተልቀው ከተገኙ መሐሉ የበለጠ ግሎ እንደ ነበረ ክኒኑ ራሱ ይመሰክራል፤ እኛም «ዝቅ ባለ ሙቀት» የሚለውን ቃል ከሪፖርታችን እንሰርዛለን። እኩል ከሆኑ ግን ነገሩን ወደ ፊት እንገፋዋለን።

ሚዛኑ፥ ውኃውና ማይክሮስኮፑ አሉ። በዚህ ሥራ ለመግባት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። ሰዓቱ ገና ስለ ሆነ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ በተለይ ስለ ፎቶኑ ስሌት የማይስማማ ካለ ሰሌዳው ነጻ ነው።